ቀበቶና ኮሮጆ በገዛ እጃችን

የትንሣኤ በዓል በዋለ ማግሥት በሮቤም ሆነ በጎባ ከተማ በማለዳ ከቤቱ የወጣ ሰው አንድ የሚያሳዝን ነገር ሳያይ አይመለስም። ይኸውም ትናንት በየቤቱ የታረደው የበግና የፍየል ቆዳ በየአጥሩ ሥር ተጥሎ ውሻ ሲጎትተው ማየት ነው። ቀድሞ ቆዳ ገዢዎች በየበሩ እየዞሩ ይጣሩ ነበር፤ ከሽያጩ የሚገኘውም ገንዘብ ለልጆች ደብተርና እርሳስ መግዣ ይሆን ነበር። ባለፉት ዓመታት ግን የጥሬ ቆዳ ዋጋ እጅግ ስለ ወደቀ ብዙው ቤተ ሰብ ለመሸጥ ከመድከም መጣልን መርጧል። በዚያው ሳምንት ያው ቤተ ሰብ ወደ ገበያ ወርዶ ለልጁ ከፕላስቲክ የተሠራ፣ ሁለት ወር እንኳ የማያገለግል ቀበቶ ይገዛል።

ውድ አንባብያን፤ ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ እኔም ከጣዮቹ አንዱ ነበርሁና። በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ማንኛውም ቤተ ሰብ በጥቂት መሣሪያ ሊጀምረው የሚችለውን የቆዳ ሥራ፣ በተለይም ለበዓልና ለትርኢት ልብስ የሚሆነውን የቀበቶና የኮሮጆ አሠራር ነው። ከዚያም ጋር ሥራውን ስንማር ያጋጠመንን አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም፤ ከቀበቶው ይልቅ እርሱ ይበልጣልና።

ነገሩ እንዴት እንደ ተጀመረ

በማስተምርበት ትምህርት ቤት በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን ተማሪዎች የአድዋን ድል በማሰብ ትርኢት ያሳያሉ። በ1888 ዓ.ም. የዘመቱትን አባቶች በማስመሰል ነጭ ሸማ ይለብሳሉ፤ ጋሻና ጦር ይይዛሉ፤ በወገባቸውም ዝናር ይታጠቃሉ። ዝናሩና ኮሮጆው ግን ከካርቶን ተቆርጦ ቡናማ ቀለም የተቀባ ነበር። በአንድ ዓመት ትርኢቱ ሳይጋመስ ዝናም መጣ፤ ካርቶኑ ራሰ፤ ቀለሙም በነጩ ሸማ ላይ ፈሰሰ። ተመልካቹ ሳቀ፤ ልጆቹም ዐፈሩ። የባሌ ደጋ ሰማይ በየካቲትም ቢሆን እንደማይታመን የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

በሚቀጥለው ዓመት ከጥምቀት በኋላ 12 ተማሪዎችን ሰብስቤ «ዘንድሮ ቀበቶውንና ኮሮጆውን ከእውነተኛ ቆዳ እንሠራለን» አልኋቸው። ነገር ግን እኔ ራሴ ሥራውን አላውቅም ነበር። በልጅነቴ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለሁ የኔታ ብራና ሲፍቁና መጽሐፍ ሲደጉሱ አጠገባቸው ተቀምጬ ክር አቀብያለሁ፤ ከዚያ የዘለለ ሙያ አልነበረኝም። ስለዚህ በገበያ ቀን ልጆቹን አስከትዬ ኮርቻና ልጓም ወደሚሸጥበት ተራ ሄድሁ።

ባሌ የፈረስ አገር ነው። በሮቤና በጎባ ዙሪያ፣ በዲንሾም በኩል፣ ዛሬም ብዙ ሰው ወደ ገበያ፣ ወደ ለቅሶና ወደ ሠርግ የሚሄደው በፈረስ ነው። ፈረስ ባለበት ሁሉ ኮርቻ፣ ልጓምና የእርካብ ጠፍር የሚሠራ ባለሙያ አይጠፋም። ስለዚህ የቆዳ ሥራን ለመማር ሩቅ አገር መሄድ አላስፈለገንም። በተራው አንድ ኮርቻ ሠሪ ሽማግሌ አገኘንና «አባባ፣ ለእነዚህ ልጆች የወስፌ አያያዝ ያሳዩልን» ብዬ ለመንኋቸው። ጥቂት አሰቡና «መምህር፣ እጃቸው ቢደማ ወላጆቻቸው እኔን አይከሱኝም?» አሉ። እኛ ስንስቅ እርሳቸውም ሳቁ፤ ሦስት ቅዳሜም ከሰዓት በኋላ አስተማሩን።

ስለ ቆዳው ማወቅ የሚገባን

ሽማግሌው መጀመሪያ ያስተማሩን መስፋትን አልነበረም፤ ቆዳን መለየትን ነበር። ከአንድ ፍየል የተገፈፈ ቆዳ ሁለት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው ብራና ነው። ብራና ማለት ቆዳው ከተነከረ በኋላ በእንጨት ላይ ተወጥሮ፣ ጠጕሩና ሥጋው ተፍቆ፣ እንደ ተወጠረ የደረቀ ነው፤ አልለፋም። ስለዚህ ለጽሕፈት እንጂ ለቀበቶ አይሆንም፤ ውሃ ቢነካው ይጨማደዳል። ሁለተኛው የለፋ ቆዳ ነው። የአገራችን ባለሙያዎች ለዚህ ሥራ የግራር ልጥና የእንቧይ ፍሬ ሲጠቀሙ ኖረዋል። በልጡ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ወደ ቆዳው ጠልቆ ስለሚገባ ቆዳው አይበሰብስም፤ ሲደርቅም እንደ ጣውላ አይገትርም።

በዛሬው ጊዜ በዓለም ላይ ያለው አብዛኛው የፋብሪካ ቆዳ ግን የሚለፋው በልጥ ሳይሆን ክሮም ከሚባል ማዕድን በሚገኝ ጨው ነው። ለጀማሪ ይህን ልዩነት ማወቅ ይጠቅመዋል። በልጥ የለፋ ቆዳ ቀለም ያልተቀባ እንደ ሆነ ውሃ ጠብ ሲደረግበት ይጠጣል፤ ይጠቁራል፤ ይለሰልሳል። እርጥብ ሳለ የተሰጠውን ቅርጽ ይይዛል፤ የተጫነበትም መሥመር ሲደርቅ አይጠፋም። በክሮም የለፋው ለስላሳና ተጣጣፊ ነው፤ ነገር ግን ቅርጽ አይዝም። ጫፉን በምላጭ ብንቆርጠው መካከሉ ብዙ ጊዜ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ሆኖ ይታያል። እንግዲህ ለቀበቶ በልጥ የለፋ የከብት ቆዳ፣ ለኮሮጆ ደግሞ የለፋ የፍየል ቆዳ መምረጥ ይሻላል።

የከብት ቆዳም ቢሆን ከቦታ ቦታ ይለያያል። በጀርባው በኩል ያለው ጥቅጥቅና ጠንካራ ነው፤ በሆዱ በኩል ያለው ግን ይለጠጣል። ከሆድ የተቆረጠ ቀበቶ በጥቂት ወር ውስጥ ይረዝማል። ስለዚህ ቀበቶ ምን ጊዜም ከጀርባው፣ የአከርካሪውን መሥመር ተከትሎ ይቆረጣል።

ጀማሪ ቤተ ሰብ ቆዳውን በቤቱ እንዲያለፋ አልመክርም፤ ሥራው ብዙ ውሃ፣ ብዙ ቀንና ብዙ ልምድ ይጠይቃልና። ነገር ግን ቆዳውን ሳያበላሹ ለባለሙያ ማድረስ የሁላችንም ፋንታ ነው። በበዓል ዕለት በጉ ሲገፈፍ ቢላዋ ለመክፈቻው ያህል ብቻ ይግባ፤ ከዚያ ወዲያ ቆዳው በጡጫ እየተገፋ ይላቀቅ። የቢላዋ ጭረት ቆዳው ሲለፋ ቀዳዳ ሆኖ ይወጣል። ቆዳው እንደ ተገፈፈ ሳይውል ሳያድር የክብደቱን ሲሶ የሚያህል ጨው በሥጋው በኩል ይነስነስበት፤ በጥላ ሥርም ይቀመጥ። በፀሐይ መሬት ላይ ማስጣት ግን ላዩን አድርቆ ውስጡን ያበሰብሰዋል።

መሣሪያው

የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው። ስለታም ቢላዋ፣ የብረት ማስመሪያ፣ ወስፌ፣ ሁለት ጫፋቸው የደነዘዘ መርፌዎች፣ ጠንካራ ክር፣ ጥቂት የንብ ሰም፣ መዶሻና የመቁረጫ ጣውላ ካለ ይበቃል። ለቀበቶ ቀዳዳ ክብ አፍ ያለው መብሻ ከጫማ ሠሪ መዋስ ይቻላል። በቢላዋ የተሰነጠቀ ቀዳዳ እየተቀደደ ይሄዳል፤ ክቡ ግን ይጸናል። ቆዳው ራሱ ከኮርቻ ሠሪዎችና ከጫማ ሠሪዎች ትርፍራፊ፣ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካለም ከመርካቶ ቆዳ ነጋዴዎች ይገኛል።

ቀበቶ

ቀበቶ ከሁሉ የቀለለ ሥራ ስለ ሆነ በእርሱ እንጀምር። ነቢዩ ኤልያስና መጥምቁ ዮሐንስ የታጠቁት ጠፍር እንደ ነበር ከመጻሕፍት እናውቃለን፤ ይህም ዕቃ ምን ያህል ጥንታዊና ምን ያህል ትሑት እንደ ሆነ ያስረዳናል።

መጀመሪያ ልኩን መውሰድ ነው። የበዓልና የትርኢት ቀበቶ የሚታጠቀው በልብስ ላይ ስለ ሆነ ልጁ ሸማውን ወይም ቡሉኮውን እንደ ለበሰ በገመድ ይለካ። በዚህ ልክ ላይ 25 ሳንቲ ሜትር ይጨመርበታል፤ 7ቱ ለዘለበቱ መታጠፊያ፣ 18ቱ ለጫፉ ነው። ለምሳሌ የወገቡ ልክ 70 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የሚቆረጠው ጠፍር 95 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ስፋቱ 3 ሳንቲ ሜትር ተኩል፣ ውፍረቱም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን ይበቃል። ሲቆረጥ ቢላዋው በማስመሪያው ጎን በአንድ ትንፋሽ ይሳብ፤ ቆም ቆም ካለ ጠርዙ ይቆራረጣል።

ቀጥሎ በአንደኛው ጫፍ ያለው 7 ሳንቲ ሜትር ከውስጥ በኩል በቢላዋ እየተላገ ግማሽ ያህል ይሳሳል፤ አለበለዚያ ሲታጠፍ ድርብ ሆኖ ያብጣል። በመታጠፊያው መካከል የዘለበቱ ምላስ የሚወጣበት ቀዳዳ ይከፈታል፤ ዘለበቱ ይገባል፤ ቆዳው ይታጠፍና ይሰፋል። ከዚያ ከመታጠፊያው አንሥቶ የወገቡ ልክ በሚያበቃበት ቦታ የመካከለኛው ቀዳዳ ይበሳል። በግራውና በቀኙ ሁለት ሁለት ቀዳዳ፣ በመካከላቸው 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል እየተተወ ይጨመራል፤ በጠቅላላው 5 ይሆናል። ልጁ ቢወፍርም ቢቀጥንም ቀበቶው ያገለግለዋል።

አሰፋፉ የታወቀው የኮርቻ ስፌት ነው። ክሩ የሚሰፋውን ርዝመት 4 እጥፍ ያህል ተቆርጦ በሰም ይታሻል፤ በሁለቱም ጫፍ መርፌ ይገባለታል። በቆዳው ላይ በ5 ሚሊ ሜትር ልዩነት በወስፌ ይበሳል። ከዚያ አንዱ መርፌ ከቀኝ፣ ሌላው ከግራ በአንዱ ቀዳዳ እየተላለፉ ይሄዳሉ። የዚህ ስፌት ጥቅም አንዱ ክር ቢበጠስ እንኳ ሌላው ይዞ መቆየቱ ነው። ይህን ሳይ የኔታ የብራናውን ጥራዝ ሲሰፉ ትዝ አሉኝ፤ የአገራችን መጽሐፍ ሲጠረዝም ክሩ በሁለት ጫፉ መርፌ ተሰክቶለት ነውና። ኮርቻ ሠሪውና መጽሐፍ ደጓሹ የአንድ ሙያ ወንድማማቾች መሆናቸውን ያን ጊዜ ተረዳሁ።

በመጨረሻ ጠርዙን በእርጥብ ጨርቅ አርሶ በለሰለሰ እንጨት ወይም በቀንድ ማሸት ነው፤ እንደ መስተዋት ያበራል። ጌጥ የሚፈልግ ሰው ጥቂት እርጥበት ባለው ቆዳ ላይ ሞቅ ባለ ደነዝ ብረት መሥመር ይጫንበት። ይህ የድጉሳት ጥበብ ነው። ብረቱ ከበዛበት ሙቀት የተነሣ ቆዳውን እንዳያሳርር አስቀድሞ በቁራጭ መሞከር ይገባል። በመጻሕፍት ሽፋን ላይ የምናየውን የመስቀል ምልክት ግን በትርኢት ቀበቶ ላይ ባናደርገው መልካም ነው፤ ለጌጥ መሥመርና አራት ማዕዘን ይበቃል።

ኮሮጆ

በመስከረም ወር 1984 ዓ.ም. በኦስትሪያና በጣልያን ወሰን ላይ ባሉት የአልፕስ ተራሮች በበረዶ ውስጥ የአንድ ጥንታዊ ሰው ሬሳ ተገኝቶ ነበር። ሊቃውንት ሲመረምሩት ከ5,000 ዓመት በላይ የሆነው ነው። በወገቡ የታጠቀው የቆዳ ቀበቶ ላይ ኮሮጆ ተሰፍቶበት፣ በውስጡም የድንጋይ ስለትና የአጥንት ወስፌ ተገኘ። እንግዲህ ዛሬ ልጆቻችን የሚሠሩት ኮሮጆ በዓለም ላይ ከታወቁት የሰው እጅ ሥራዎች አንዱ ነው። በእኛም አገር ዳዊቱና ሌላው የብራና መጽሐፍ የሚቀመጥበት፣ በትከሻ የሚንጠለጠለው ማኅደር የዚሁ ዘመድ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አስቀድሞ ከወፍራም ወረቀት አብነት ይቆረጣል። ወርዱ 14፣ ቁመቱ 34 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከቁመቱ 13ቱ ለፊቱ፣ 13ቱ ለጀርባው፣ የቀረው 8 ለክዳኑ ነው። የክዳኑ ሁለት ማዕዘን ክብ ተደርጎ ይቆረጣል። አብነቱ በፍየል ቆዳ ላይ ተደርጎ በወስፌ ጫፍ ዙሪያው ይሠመርና ይቆረጣል። ከዚያ ስፋታቸው 3፣ ርዝመታቸው 7 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ማቀፊያዎች ይቆረጣሉ፤ ቀበቶው የሚያልፈው በእነርሱ ውስጥ ነው። እነዚህ በኮሮጆው ጀርባ ላይ ቆመው፣ ላይኛውና ታችኛው ጫፋቸው ብቻ ይሰፋል። ቀጥሎ ቆዳው ይታጠፍና ሁለቱ ጎኖች በኮርቻ ስፌት ይዘጋሉ። ለመዝጊያ ቀጭን ጠፍር ተጠቅልሎ እንደ ቁልፍ ይደረግና በፊቱ ላይ ይታሰራል፤ በክዳኑም ላይ ቀዳዳ ይከፈትለታል።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ሠራሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ ሽማግሌው ሳይደርሱ ልጆቹን ቀድሜ ለማሠራት ፈልጌ የኮሮጆውን ጎኖች መጀመሪያ አሰፋኋቸው። ማቀፊያውን ለመስፋት ስንነሣ መርፌው በጠባቡ አፍ ገብቶ መመለስ አቃተው። ሁላችን ግራ ተጋብተን ሳለ ዘወትር ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ዝምተኛ ልጅ «መምህር፣ ማቀፊያው የሚሰፋው ጎኑ ሳይዘጋ ነው» አለኝ። ስፌቱንም ፈትቶ በፍጥነት አስተካከለው። ቢላዋውን ይዞ ጠርዙን ሲያሳሳ እጁ የሠለጠነ እጅ እንደ ነበረ ለማንም ግልጽ ነበር።

ያን ጊዜ ከልጆቹ አንዱ «ምን ያስደንቃል! የፋቂ ልጅ አይደለም እንዴ?» አለ። ሌሎቹ ሳቁ። ልጁም ወስፌውን በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

እኔ ምን አደረግሁ? «በሉ ሥራችሁን ሥሩ» ብዬ እንዳልሰማ አለፍሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው

ሰኞ ልጁ አልመጣም። ማክሰኞና ረቡዕም ቀረ። ሐሙስ ዕለት ቤቱን ጠይቄ ወደ ከተማው ዳር ሄድሁ። አባቱ በግቢው ውስጥ ቆዳ ከተነከረበት ገንዳ አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። ምክንያቱን ብነግራቸው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ቀጥለውም «መምህር፣ ልጄን ትምህርት ቤት ያስገባሁት ከዚህ ገንዳ እንዲርቅ ነበር። እናንተ መልሳችሁ ወደ ቆዳ አመጣችሁት፤ በቆዳውም ሰደባችሁት» አሉኝ።

የምመልሰው አልነበረኝም። ይቅርታ ጠየቅሁ። ሥራ ክቡር እንደ ሆነ፣ ማንም በሙያው መናቅ እንደማይገባው መናገር ጀመርሁ። እርሳቸውም አቋረጡኝና «ይህን ለእኔ አይንገሩኝ፤ ለሳቁት ይንገሯቸው» አሉ።

በማግሥቱ ለሳቁት ነገርኋቸው። አስቀድሜ የእኔን ጥፋት ተናገርሁ፤ ሰምቼ እንዳልሰማ ማለፌ ከሳቁት ሁሉ እንደሚበልጥ ገለጥሁላቸው። ከዚያም ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ሌላውን ሠራተኛ በሙያው እየጠሩ መስደብን በአዋጅ እንደ ከለከሉ አስረዳኋቸው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን እስከ ዛሬ በክፍላችን ውስጥ ተቀምጧል። በኮንሶ ቆዳ የሚፍቁ ሴቶች የድንጋይ መፋቂያ ራሳቸው ጠርበው ሲሠሩበት የዓለም ሊቃውንት ከሩቅ አገር እየመጡ ያጠኗቸዋል፤ እኛ ግን በጎረቤታችን ያለውን ባለሙያ በስሙ እንኳ አንጠራውም።

ለክርስቲያን አንባቢ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አለው። ሐዋርያው ጴጥሮስ በኢዮጴ ሳለ ብዙ ቀን የተቀመጠው በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ነበር። የቆርኔሌዎስ መልእክተኞች የመጡት ወደዚያ ቤት ነው፤ የአሕዛብም ጥሪ የተገለጠው በዚያ ቤት ሰገነት ላይ ነው። የሐዋርያት ሥራ ጸሓፊ የስምዖንን ሙያ አልደበቀም። እኛ በማኅሌት የምንመታው ከበሮ ቆዳ ነው፤ ዳዊታችን የተጻፈበት ብራና ቆዳ ነው፤ ማኅደሩም ቆዳ ነው። ከበሮውን አክብረን ቆዳውን ያለፋውን ሰው ብንንቅ በምን ፊት እናመሰግናለን?

ልጁ በሳምንቱ ተመለሰ። አባቱን ወደ ትምህርት ቤት መጥተው እንዲያስተምሩን ለምኛቸው ነበር፤ እሺ አላሉም። ነገር ግን ልጁ ሲመለስ በክንዱ ሥር አንድ የለፋ የፍየል ቆዳ ይዞ ነበር። ጭረት የሌለበት፣ እንደ ሸማ የለሰለሰ ቆዳ ነው። ከእርሱ 6 ኮሮጆ ወጣው። ዋጋውን ልልክ ብል «አባቴ አትቀበል ብሎኛል» አለኝ።

የካቲት 23 ቀን ልጆቹ በነጭ ሸማቸው ላይ ቀበቶውን ታጥቀው ወጡ። የሳቀውም ልጅ ከተሰደበው ልጅ የተማረውን ስፌት በወገቡ ታጥቆ ነበር። አባቱ ከሕዝቡ ኋላ ከበሩ አጠገብ ቆመው ሲያዩ ተመለከትኋቸው፤ ትርኢቱ ሲያልቅ ብፈልጋቸው ሄደዋል። ወደ ፊት ይመጡ ዘንድ ገና ብዙ ይቀረናል።

ማጠቃለያ

የዚህ ጽሑፍ አንባቢ የሆናችሁ ወላጆች፤ በሚመጣው በዓል በጉ ሲታረድ ቆዳውን በጨው አድርጋችሁ አኑሩት። በአቅራቢያችሁ ያለውን ቆዳ አልፊ ፈልጋችሁ አስለፉት፤ ዋጋውንም ሳትከራከሩ ክፈሉ። ልጆቻችሁን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ አንድ ቀበቶ አሠሯቸው። የመጀመሪያው ጠማማ ቢሆን አይግረማችሁ፤ የእኔም ጠማማ ነበር። ከሁሉ በፊት ግን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደዚያ ባለሙያ ቤት ስትገቡ «እንደምን ዋሉ» ብላችሁ በስማቸው ጥሯቸው። ልጅ ሙያን ከመማሩ በፊት ባለሙያን ማክበር የሚማረው ከወላጁ አፍ ነውና።

የእጃችንን ሥራ እግዚአብሔር ይባርክልን።